ልጄ አፏን የፈታችው ችሎት ላይ ነው

ልጅ አፍ አልፈታ ሲል ወላጅ የማይሞክረው ነገር የለም። በሰው ሲደርስ ያስቃል፤ በራስ ሲደርስ ግን ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። እኔ በሁለቱም ወገን ቆሜ አይቼዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሲዘገይ «ምላሱን እናቱ ሆድ ውስጥ ረስቶት መጥቶ ይሆናል» ብዬ ቀልጄ ነበር። እግዜር ቀልድ አይረሳም፤ ለእኔም ምላሷን የረሳች ልጅ ሰጠኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ነው ያደግሁት። ድጓ ቤት ያደገ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፤ መጮህና ዝም ማለት። ሲያዜም ይጮኻል፤ ዜማው ሲያልቅ ዝም ይላል። በመካከል ያለውን፣ ሰው ከሰው ጋራ ወግ የሚጠርቅበትን ድምፅ ማንም አላስተማረኝ። ሚስቴ አትጠገብ ደግሞ ከእኔ የባሰች ዝምተኛ ናት። ከእስቴ ሳመጣት ሽማግሎቹ «ድምጿ ከቤት አይወጣም» ብለው እንደ ትልቅ ሀብት ነበር ያመሰገኑልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከቤት ቀርቶ ከጉሮሮዋም የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ቀና ስል ራት ይቀርባል፤ እሷ ወደ እንስራው ስታይ እኔ ውኃ እንዳለቀ አውቃለሁ። እንዲህ ሆነን፣ ተዋደን፣ ሳንነጋገር ስንኖር ልጅ ወለድን።

ስሟን ማኅሌት አልናት። ማኅሌታችን ግን ጾም እንደገባ ከበሮ ተሰቅላ ቀረች። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ እንኳን «እማ»፣ እንኳን «አባ»፣ ልጅ ሁሉ ሳይማር የሚያውቀውን «እንቢ»ን አላለችም። ደንቆሮ እንዳንላት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትዞራለች። ሞኝ እንዳንላት የደበቅሁትን ስኳር ከእኔ በፊት ታገኛለች። የምትፈልገውን ትጠቁማለች፤ እኛም ሁለት ዝምተኞች የተጠቆመውን እናቀርባለን። ንጉሥም እንዲህ አይኖር።

ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ አልጠራሁትም ብትሉ አይቀርም። አንዷ ጠበል አለች። ወሰድናት፤ ጠበሉን ጠጥታ ቄሱን ፈገግ ብላ አየቻቸው። ሌላዋ ምላሷ ላይ ማር ይደረግ አለች። ተደረገ፤ ምላሷ እንደሚሠራ ያረጋገጥነው በዚህ ነው፤ ጨርሳ ላሰችና ማሰሮውን ጠቆመች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወፍ ጠጥቶ የተረፈው ውኃ መድኃኒት ነው ቢሉኝ፣ ደጅ ላይ ሳህን አስቀምጬ ወፍ ስጠብቅ ዋልሁ። የመጣው የጎረቤት ውሻ ነው። አማቴም ከእስቴ በመንገደኛ «ልጅቷን የዘጋት ቤቱ ነው» የሚል ቃል ላኩብኝ። ተቀየምሁ። ቤቱ ምን አደረገ? ጣራው አያፈስ፣ ምሰሶው አልዘመመ።

ይሁን እንጂ ቀልዱ የሚያልቅበት ቦታ ነበር። አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ አትጠገብ ከጓሮ፣ ለጌሾው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማኅሌትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየሁ። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ «እማ በይኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ» ትላታለች። ልጅቷ የእናቷን ፊት በእጇ ዳበሰችና ዕንባዋን ጠረገችላት። ቃል ግን አልወጣትም። እኔም ሳልታይ ተመለስሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ በጎረቤቴ ልጅ የቀለድሁትን ባሰብሁ ቁጥር አንገቴ ይደፋል።

እንዲህ ባለንበት ወቅት የአትጠገብ እኅት እስቴ ላይ ወለደችና አራሷን ለማረስ መሄድ ግድ ሆነ። ማኅሌት ጉንፋን ይዟት ስለነበር አራስ ቤት አትገባም ተባለ። ሚስቴ በቅሎ ላይ ስትወጣ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወጡን የማሳርር መሆኔንም አየች፤ ምንም ሳትል ሄደች።

እኔ ግን ተደስቼ ነበር። አትጠገብ እስክትመለስ ልጄን አፍ አስፈትቼ አስደንቃታለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ከባዱን ድጓ የተማረ ሰው አንዲት «እማ»ን ማስተማር ያቅተዋል? ማኅሌትን መደብ ላይ አስቀመጥሁና ፊት ለፊቷ ቆምሁ። «ይህ ምንድን ነው? ድስት። ይህስ? ማንኪያ። ያስ? ምሰሶ።» ጠያቂውም እኔ፣ መላሹም እኔ። እሷ እንደ ስብከት አዳመጠችኝ፤ እንደ ስብከትም እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ገና «ድስት» ከማለቴ ሄዳ ድስቱን አመጣችና ራሷ ላይ ደፋችው። ድስቱ አልወልቅ ብሎ ግማሽ ቀን በቅቤ ሳሸው ዋልሁ። እሱ ሲወልቅ የተማርነው ቢኖር የእኛ ቤት ቅቤ ማለቁን ነው።

የጎረቤት ልጆች በሩ ላይ መጥተው «ማኅሌት ትውጣልን» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ስድብ ያስተምሯታል ብዬ አባርራቸዋለሁ። አሁን ሳስበው፣ ስድብም ቢሆን ቃል ነበር።

ጉንፋኑ ለቀቃት፤ የችሎት ቀንም ደረሰ። ልጅቷን የሚይዝልኝ አጣሁ፤ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ሳባርር የከረምሁትን አልረሱም። ስለዚህ በጋቢዬ ሥር ሸፍኜ ወደ ችሎት ይዣት ሄድሁ። ዳኛው ቀኛዝማች የሚባሉ፣ ሲቆጡ ጢማቸው ከቃላቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። ችሎቱ የሚቀመጠው ወይራ ሥር ነው። ማኅሌትን ከኋላዬ አጎዛ ላይ አስቀምጬ፣ በዓይኔ ለምኛት፣ መጻፍ ጀመርሁ። ቀና ስል አጎዛው ባዶ ነው። ባለጉዳዮቹ መካከል፣ በእማ ተዋቡ ጭን ላይ ተደላድላለች።

እማ ተዋቡን ላስተዋውቃችሁ። ባቄላቸውን የአያ ደርሶ አህያ በላብኝ ብለው የከሰሱ ባልቴት ናቸው። አያ ደርሶ ጎረቤታቸው ነው። ክሱ ሲጀመር አህያው ውርንጭላ ነበር ይባላል፤ እኔ ስደርስ ጥርሱ ባቄላ መስበር አቁሟል። ሁለቱም ሙግት ይወዳሉ። ዳኛው ሊፈርዱ ሲሉ አንዱ ቀጠሮ ይለምናል፤ አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ያስታውሰዋል።

እማ ተዋቡ ተራቸው እስኪደርስ ከልጄ ጋራ ያወጉ ጀመር። እኔ «መናገር አትችልም፣ እማ ተዋቡ» ብላቸው አልሰሙኝም። «ተመልከችው አያ ደርሶን፤ አህያውን ይመስላል፣ ወይስ አህያው ነው እሱን የሚመስለው?» ይሏታል። ብለውም ይጠብቃሉ። ማኅሌት ቅንድቧን ከፍ ስታደርግ «እኔም እንዳንቺው ነው የምለው» ይላሉ። ልጅቷ «እ» ስትል «እውነትሽን ነው፤ ደግሞ ትናንት ምን እንዳደረገ ልንገርሽ» ብለው ይቀጥላሉ። አያ ደርሶ ይህን ሲያይ፣ ምስክር የሚወሰድበት መሰለው መሰል፣ እሱም ከማዶ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በግራ እጁ ደብቆ «የት ነው?» ይላታል። ስትጠቁም «አይደለም» ይላል፤ ደግማ ስትጠቁም ይሰጣታል። ቀጠሮው በተራዘመ ቁጥር እኔም ማኅሌትን እየያዝሁ መምጣት ነው፤ ሁለቱ ባላንጣዎች ደግሞ እሷን ለመሳብ መሻማት። ችሎቱ ሲነሳ ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጡ እሷን ይሰናበቱ ነበር። እኔ ሥራዬ ላይ ስለነበርሁ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ሰዎቹን እንዳታስቸግር።

በዚያን ጊዜ ሙግት ሙግት ነበር። ከሳሽ ጋቢውን አጣፍቶ «ተጠየቅ» ይላል፤ ተከሳሽ «ልጠየቅ» ይላል። ከዚያ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መመለስ ነው፤ የአንዱን ተራ ሌላው ከነካ ዳኛ ይቀጣል። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ደግሞ ባለበት መቆም አለበት። የሚሮጥ ይቆማል፤ የሚማታ እጁን ይሰበስባል። ይህን ያላከበረ እንኳን ሰው ፊት፣ ከብት ፊትም አይቆምም።

አንድ ቀን የባቄላው ሙግት ጋለ። አያ ደርሶ ተራው ደርሶ ተነሳ። መናገር ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ለማበርታት ይሁን ለማን እንጃ፣ ለማኅሌት ያሳያትን ቆሎ ሙሉውን አፉ ውስጥ ከተተው። ይኸኔ ከእማ ተዋቡ ጭን ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«በግ አምላክ።»

«ሕግ» ማለቷ ነው፤ ሐው አልመጣላትም። ነገር ግን ሁላችንም ገባን። አያ ደርሶ ጉንጩ እንደተነፋ ሳያላምጥ ቆመ። እኔ ብዕሬን እንዳነሳሁ ቆምሁ፤ ቀለሙ ነጭ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። ቀኛዝማች ራሳቸው፣ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ተነስተው ሊቀመጡ ሲሉ ነበርና፣ በግማሽ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ወንበሩም እሳቸውም ተያይተው ቆሙ።

«ሕግ የጠራው ማን ነው?» አሉ፣ በዚያው ጎንበስ እንዳሉ።

ማኅሌት ከጭን ወረደች። እንደ አያ ደርሶ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች፤ ነጠላው መሬት ወደቀ፤ አላነሳችውም። ጣቷን ዘረጋችበትና «ተየቅ» አለችው።

አያ ደርሶ የሙግት ሰው ነውና ልማዱ ቀደመው። «ልጠየቅ» ሲል ቆሎው በችሎቱ ፊት ተበተነ።

«ቆሎ» አለች ልጄ።

ቀኛዝማች ተቀመጡ። ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና መጣብኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሱ «የዚችን ልጅ ቆሎ በልተሃል፣ አልበላህም?» ብለው ጠየቁ። አያ ደርሶ እንደበላ፣ ነገር ግን ቆሎው ከመነሻው የእሱ እንደነበረ፣ የሰጠው በውድ እንጂ በግድ እንዳልሆነ በሰፊው አስረዳ። ቀኛዝማች በበግም ቢሆን የተጠራው ሕግ ነው አሉና፣ በልጅ ዓይን ፊት የታየ ቆሎ የልጅ ነው ብለው ፈረዱበት። እማ ተዋቡ እልል አሉ። ወዲያውም ሰውዬው የሰው መብላት ልማዱ መሆኑን ልጅቷ ስለመሰከረች የባቄላው ጉዳይ አብሮ ይታይልኝ ብለው አመለከቱ። ቀኛዝማች ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው። ጥርስ እንዳላቸው ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

እኔ ልጄን አንስቼ ሳምኋት ብል ደስ ይለኝ ነበር። የሆነው ግን፣ ልነሳ ስል የቀለሙን ብልቃጥ ረግጬ፣ በሱሪዬ የጀመረውን በጋቢዬ ጨርሼ፣ እንደ ተማሪ ቤት ግድግዳ ተለቅልቄ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ሰው ሁሉ ስለ ልብሱ ነው ብሎ አጽናናኝ።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ቆየ። ማኅሌት ዓለምን የሚያቆም ቃል አግኝታለች፤ ለምን ዝም ትላለች? ፊቷን ላጥባት ስል «በግ አምላክ»። ገንፎ ሳማስል «በግ አምላክ»፤ እቆማለሁ፣ ገንፎው ያርራል። አውራ ዶሮውን አለችው፤ አልሰማ ሲላት ተገርማ እኔን ታየኛለች፤ ሕግ የማያውቅ ፍጡር አይታ አታውቅም። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ሲያልፉ ብትላቸው እሳቸውም ቆሙ፤ ምን ፈልጋ እንደሆነ ስትጠየቅ ምንም አልፈለገችም። ዝም ብላ ማቆም ትችል እንደሆነ ማየቷ ነው። የጎረቤት ልጆችን ማባረሩን ተውሁ፤ እንዲያውም እባካችሁ ውሰዱልኝ እላቸው ጀመር።

ከዚያ ወገዳ ገበያ ሄድን። አትጠገብ የምትመለስበት ጊዜ ስለቀረበ የጨረስነውን ቅቤ መተካት ነበረብኝ። ማኅሌት ትከሻዬ ላይ ሆና የአያ ደርሶን ዕዳ፣ ማለቴ ቆሎዋን፣ ትበላለች፤ እኔም ከታች ስለሚርበኝ አልፎ አልፎ ከእጇ እሰርቃለሁ። በበግ ተራ ስናልፍ አንድ ነጭ ግልገል አየች። ልውረድ አለች በእግሯ። አወረድኋት፤ አንገቱን አቀፈችው። እንሂድ ብላት አልሰማ አለች። ጎትቼ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ ፈጠን ፈጠን ስል፣ ባላት ድምፅ ሁሉ «በግ አምላክ፣ በግ አምላክ» ብላ ጮኸች።

ሰው በበግ ተራ መካከል «በግ» እየተባለ ሲጮህበት እየሮጠ ከሄደ ምን እንደሚሆን አስቡት። ግማሹ ገበያተኛ በግ ሰረቀ አለ። ግማሹ ደግሞ በጉን ሳይሆን ልጅቷን ነው የሰረቀው አለ። ሁለቱም ወገን ሌባው እኔ መሆኔ ላይ ተስማሙ። የቀለም ጉድፍ ያለበት ሱሪዬም አልረዳኝ። ገበያውን የሚጠብቅ አንድ ነጭ ለባሽ ክንዴን ያዘኝ። ልጄ ናት አልሁት። ጎንበስ ብሎ በረጋ ድምፅ ማኅሌትን «ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?» አላት።

ልጄ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። ሕግ ጠርታለች፣ ስለ ቆሎ ከስሳለች፤ አባ ብላኝ ግን አታውቅም። እኔም ለካ «አባ በይኝ» ብያት አላውቅም፤ ያልኋት ድስት በይ፣ ማንኪያ በይ ነው። አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ነጭ ለባሹ ክንዴን ጠበቅ አደረገ።

«ልጁ ከሆነች ያጫውታት፤ እንይ» አሉ አንዲት ቅቤ ሻጭ።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ከድንጋጤዬ የተነሳ አፌ ወደ ለመደው ሄደና «ማኅሌት፣ ይህ ምንድን ነው? በግ» አልሁ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዱም «ይኸው፣ ባዕድ ነው» ሲል ሰማሁት። በዚህ እንደማይሆን እኔም ገባኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዝም ብዬ ጠበቅኋት። በዕድሜዬ ብዙ ዝም ብያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ዝም ስል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀና አለችና «ተየቅ» አለችኝ።

«ልጠየቅ።»

«በግ?»

«በጉ የዚያ ሰውዬ ነው። ቤቱ እናቱ ትጠብቀዋለች።»

አሰበችበት። ግልገሉን ይዞ ወደ ቆመው ሰውዬ ዞራ አየች፤ ሰውዬውም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባዶ መዳፏን ዘረጋችልኝ። «ቆሎ?»

«አላውቅም» አልሁ፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የልጄን ቆሎ በላሁ ማለት አፍሬ።

ማኅሌት ቀረበችና ከንፈሬን በጣቷ ገልብጣ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ጥርሴ መካከል የገብስ ገለባ አገኘች። ወደ ገበያተኛው ዞራ፣ እንደ ቀኛዝማች ድምጿን ሳታነሳ «አባ በላ» አለች።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ነጭ ለባሹ ክንዴን ለቀቀና፣ በዚህ ዓይነት ነገር የሚያጋልጥ የራስ ልጅ ብቻ ነው ብሎ መሰከረልኝ። ቅቤ ሻጯም ቅቤውን ጨመር አድርገው ሰጡኝ። እኔ ግን ከሁሉ የሰማሁት አንዷን ቃል ነው። እስከ ቤት ድረስ «ማን በላ?» እላታለሁ፤ «አባ በላ» ትለኛለች። «ማን?» «አባ።» መንገደኛ ሁሉ ሌብነቴን እየሰማ ያልፋል፤ ግድም አልሰጠኝ።

አትጠገብ የመጣችው ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ነው። አስደንቃታለሁ ብዬ ቃል አልላክሁባትም ነበር። ከበቅሎው ወረደችና እንደ ልማዷ ሳትናገር እጇን ዘረጋች። ማኅሌት እግሬ ሥር ተሸጎጠች። ለረጅም ጊዜ ተለያይተዋልና ልጅቷ ተሽኮረመመች፤ እናትየዋም እጇን እንደዘረጋች ቀረች፤ ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። በልቤ «እግዜር ሆይ፣ እንዳትዘጋብኝ» እላለሁ። በል ልናገርላት፣ በል ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ማኅሌት ከእግሬ ሥር ወጣች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እናቷ ፊት ቆመች።

«እማ፣ ተየቅ።»

አትጠገብ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጠየቅ በያት» አልኋት።

«ልጠየቅ» አለች፤ ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«የት ሄድሽ?»

ሚስቴ በመንገድ ቀሚሷ እደጁ አፈር ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ከፊቷ አቆመችና መመለስ ጀመረች። ወንዙ እንዴት ሞልቶ እንደጠበቃት፣ በቅሎዋ መካከሉ ላይ ደርሳ አልንቀሳቀስ እንዳለች፣ የእኅቷ ሕፃን ሲወለድ «አፍንጫው የማን ነው?» ተብሎ ሁለቱ ወገን እንዴት እንደተጣላ፣ አራሷ ገንፎ ሲሰለቻት በጓሮ በር ለእሷ ለእኅቷ አቀብላ ባዶ ሳህን እንዴት ታሳይ እንደነበር። በቅሎዋን በድምጿ አስመሰለቻት፤ አራሷንም እንደዚያው። ማኅሌት መካከል ላይ «በቅሎ?» ስትል ታቆምና ስለ በቅሎዋ ደግማ ትነግራታለች። የጎረቤት ልጆች መጡ፤ እናቶቻቸውም ልጆቻቸውን ሊጠሩ መጥተው እዚያው ቀሩ። ሁሉም ይስቃል።

እኔ ከዚያች ሴት ጋራ ስንት ዘመን አንድ ጣራ ሥር ኖሬ፣ ይህን ያህል ወግ እንዳላት ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ብዙ የምጠይቃት ነገር መጣብኝ። ቀስ ብዬ ከልጄ ጎን ቁጭ አልሁና ተራዬን መጠበቅ ጀመርሁ።